ማረፊያ

ሞስ ላንዲንግ ይሏታል፣ ማረፊያ ማለት ነው፣
ጀልባ ከጭጋጉ ዳብሶ የሚያገኘው፤
ጭሳቸው የነጠፈ ሁለት የጭስ ማውጫ፣
ለባሕር ወፍ ብቻ የቀሩ መቀመጫ።
ከሥራቸው አንድ ቤት፣ በአንዱ ቀዝቃዛ ክፍል
እጭ ስንቆጥር እናድራለን፣ እኔና ማሪቤል።

ከዚህ ሺህ ሜትር ቁልቁል፣ በጨለማው ዘልቆ፣
ዓሣ ነባሪ አለ፣ አጥንት ብቻ የቀረው፣ ሥጋው ተነጥቆ።
ሽማግሌው ኦካሞቶ፣ ሮቦት የሚነዳ፣
ማክሰኞ አንድ ጎድን አወጣ ከዚያ ሜዳ፤
ቀይ ላባ በቅሎበት ዳር ዳሩ በሙሉ፣
አበባ ይመስላል፤ ትል ነው ግን ሁሉ።

አፍ የላትም ትሏ።
(ይህ በኛ አገር ለሴት ሙያ ነው፣
«አፍ የሌላት ልጅ» ሲሉ ሽማግሌ ነው የሚላከው።)
አንጀትም የላትም። አረንጓዴ ሥሯን ሰድዳ
ዓሣ ነባሪ ትጨርሳለች፣ ዝም ብላ፣ ቀን በቀን፣ እንደ ዕዳ።

«ወንዶቹስ የት አሉ?» አልኳት መጀመሪያ።
ማሪቤል ሳቀችና የማይክሮስኮፑን መዘውር አዞረች ወዲያ፤
አንዲቷ በለበሰችው ስስ ቱቦ ሥር
መቶ፣ መቶ አሥር፣ ተሳሳትኩ መሰለኝ፣ መቶ ሃያ፤
የዱቄት ብናኝ ያህል፤ ጢም የለው፣ ግርማ የለው፣ የለው ጎራዴ፣
እጭ እንደሆነ የቀረ፤ እሱ ነው ወንዴ።
እናቱ የሰነቀችለትን አስኳል እየላሰ
ዘር ብቻ ይሰጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ አለቀ፣ ፈረሰ።

ሲነሡ ግን አንድ ናቸው። እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።
ከአንድ እንቁላል ክምር፣ በአንድ ሌሊት ተፈልፍለው፣
የሽፋሽፍት መቀነት ወገባቸው ላይ ታጥቀው
በውሃው ሲዞሩ ሴት የለ፣ ወንድ የለ።
አጥንት ላይ ያረፈ ሥር ሰደደና ሴት ተባለ፤
ሴቲቱ ላይ ያረፈ ወንድ ሆኖ እዚያው ዋለ።
(እርግጠኛ አይደለንም። መዝገቡ «ሳይሆን አይቀርም» ይላል።)
እህል ውሃ እንላለን እኛ፤
እህል የለም እዚህ፣ ውሃው ብቻ።

የኔ ችግር ሌላ ነው።
ለራሴ ማስታወሻ የምይዘው በአማርኛ ነው፣
አማርኛ ደግሞ ሳይጠይቅ አያሳልፍም፤
ዋኘ ወይስ ዋኘች? አረፈ ወይስ አረፈች?
መሐል የለውም ግሱ።
ትንሽ ነገር ስናይ እሷ እንላለን፣
ማንኪያዋ፣ ጠጠሯ፣ ጎጆዋ፤
ትልቁ እሱ ነው፣ ቋጥኙ፣ ዋርካው።
እዚህ ዋርካዋ እሷ፣ ጠጠሩ እሱ።
ሰዋስዋችን ሺህ ሜትር አልጠለቀም።

ብዙ ሲሆኑ አመለጥኩ፤ «ዋኙ» ብዬ ጻፍኩ፣
ብዙ ቁጥር ፆታ አይጠይቅም።
ዛሬ ሌሊት ግን በአሥራ አራተኛው ሳህን
አንድ ብቻ ቀረ።
(ይኸው፣ «ቀረ» አልኩ፣ ሳላስበው ዳኘሁ።)

በሰፈራችን ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ ነበር።
እልልታውን ሳይሆን የማስታውሰው ከሱ በፊት ያለውን ነው፤
አዋላጇ ብቅ ብላ ቃል እስክትተነፍስ
ደጅ የቆመው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ፣
ልጁ ግን ውስጥ ሆኖ፣ ማንም ሳይለው ምንም፣
እያለቀሰ።

ማሪቤል በወረንጦ የአጥንት ፍቅፋቂ ጣለች፣
ከጥፍር ጫፍ ያነሰ።
ጎንበስ አልኩ። ምን ብዬ ልጥራ?
ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ለታላቅ ሰው ያለን ቃል፣
ሴት ነዎት ወንድ ነዎት የማይል።
አንቱ አልኳቸው፣
የአሸዋ ቅንጣት የማያህሉትን።

ፍቅፋቂውን ነኩት።
ተዉት።
አንዴ ዞሩ፣ በሽፋሽፍታቸው ውሃውን እየገፉ፣
መልሰው ነኩት፣ አሁንም ተዉት።
ማሪቤል «ምን ሆነ?» አለች ከበስተኋላዬ።
ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
ከሥሩ፦ ገና አላረፉም።